የጅማ የእርሻና የቴክኒክ ትምህርት ቤት፤ ከበሩ ወዲያ ምን ነበር?

በ1945 ዓ.ም. የከፋ ጠቅላይ ግዛት ርእሰ ከተማ በነበረችው በጅማ አንድ አነስተኛ ትምህርት ቤት በሩን ከፈተ። ስሙም የጅማ የእርሻና የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተባለ። በዚያን ዘመን በአገሪቱ የነበሩት ጥቂት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ፥ ለከፍተኛ ትምህርትም ዕጩ የሚያዘጋጁ ነበሩ። የጅማው ትምህርት ቤት ግን የተቋቋመው ወጣቱ ከመጻሕፍቱ ጎን ለጎን አፈሩን፥ ዘሩን፥ ከብቱንና መሣሪያውን በእጁ እየዳሰሰ እንዲማር ታስቦ ነበር።

ዛሬ ከ70 ዓመታት በኋላ ያ ትምህርት ቤት የጅማ ዩኒቨርሲቲ የእርሻና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሆኗል፤ ኮሌጁም ዕድሜውን የሚቆጥረው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው። እንዲህ ያለው ዕድገት የሚያስመሰግን መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ በታሪኩ ውስጥ ተገቢውን መልስ ሳያገኝ የቆየ አንድ ጥያቄ አለ። የገበሬውን ሥራ ለማሻሻል የተቋቋመ ትምህርት ቤት ከገበሬ ይልቅ የመንግሥት ሠራተኛ ያፈራው ስለ ምን ነው? መልሱን በተማሪዎቹ የቢሮ ፍቅር ወይም በመምህራኑ ጉድለት ማሳበብ የተለመደ ነው። ታሪኩ በጥሞና ሲመረመር ግን ዋናው ምክንያት ከትምህርት ቤቱ በር ወዲያ፥ በመሬቱ ላይ ይገኛል።

የእጅ ሙያ የነበረው ስፍራ

በኢትዮጵያ የእጅ ጥበብን በትምህርት ለማስፋፋት የተደረገው ሙከራ ከጅማ እጅግ ይቀድማል። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ ባለሙያዎችን አስፍረው፥ ብረት የማቅለጥና መሣሪያ የመሥራት ጥበብ ወደ አገር ልጆች እንዲተላለፍ ጥረዋል። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ የተሠራው በዚያ ነበር። የጋፋት ሥራ ግን ከንጉሠ ነገሥቱ ሕይወት በኋላ አልቀጠለም። ዳግማዊ ምኒልክም በበኩላቸው ሠራተኛን በሙያው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ በ1900 ዓ.ም. አስነገሩ።

እንዲህ ያለ አዋጅ ማስፈለጉ ራሱ የነገሩን ክብደት ያስረዳል። ማረሻውን የሚቀጠቅጠው ጠይብ፥ ልብሱን የሚሠራው ሸማኔ፥ ቆዳውን የሚያለፋው ፋቂ፥ እንስራውን የምትሠራው ሸክላ ሠሪ፥ አገሩ ያለ እነርሱ ውሎ የማያድር ሲሆን፥ በማኅበራዊ ኑሮ ግን የተናቁ ነበሩ። በብዙ አካባቢም ከባላገሩ ጋር እንዳይጋቡ፥ ርስትም እንዳይካፈሉ ይከለከሉ ነበር። እንግዲህ ሙያ ያለው ሰው መሬት ማጣቱ በጅማ የተጀመረ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ሥሩ ሩቅ ነው።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው፥ የአንድ አገር ሀብት የሚለካው በዕውቀት በታገዘ ሥራ መሆኑን በሰፊው አስረድተዋል። ከጣሊያን ወረራ በፊት በአምቦ የተጀመረው የእርሻ ትምህርት ቤትም ይህንኑ አሳብ በተግባር ለመግለጥ የተደረገ ሙከራ ነበር። ከነፃነት በኋላ ደግሞ በ1934 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተግባረ እድ ትምህርት ቤት ተቋቁሞ አናጢነትን፥ የብረታ ብረት ሥራንና ሌሎች ሙያዎችን ማስተማር ያዘ። የጅማው ትምህርት ቤት የመጣው እነዚህን ሁለት መንገዶች፥ እርሻንና የእጅ ሙያን፥ በአንድ ቅጥር ግቢ ለማገናኘት ነበር።

ከኦክላሆማ ወደ ጅማ

የትምህርት ቤቱ አመሠራረት ከአንድ ሩቅ አገር ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን እ.ኤ.አ. በጥር 1949 በበዓለ ሲመታቸው ዕለት ባደረጉት ንግግር፥ በአራተኛው ነጥብ ላይ አገራቸው የቴክኒክ ዕውቀቷን ለታዳጊ አገሮች እንደምታካፍል አስታወቁ። በአዲስ አበባ ፖይንት ፎር እየተባለ ይጠራ የነበረው ድርጅት ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። በዚሁ ጊዜ የኦክላሆማ የእርሻና የሜካኒክ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት በ1942 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግብዣ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የአገሪቱን እርሻ ተመለከቱ። ጥቂት ቆይተውም የፖይንት ፎር የመጀመሪያው የበላይ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ።

ዶክተር ቤኔት ያሰቡትን ለማየት አልታደሉም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1951 በኢራን ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሕይወታቸው አለፈ። የጀመሩት ሥራ ግን ቀጠለ። ግንቦት 7 ቀን 1944 ዓ.ም. በሁለቱ መንግሥታት መካከል በተፈረመው ስምምነት የኦክላሆማ ኮሌጅ በኢትዮጵያ የእርሻ ኮሌጅ እንዲያቋቁም፥ የምርምር ጣቢያ እንዲያደራጅ፥ የእርሻ ማስፋፊያ አገልግሎት እንዲጀምርና የጅማውን ትምህርት ቤት እንዲከፍት ኃላፊነት ተቀበለ። ከዚህ ሁሉ በቅድሚያ ሥራ የጀመረው የጅማው ትምህርት ቤት ነበር። ለኮሌጁ የተመረጠው የዓለማያ ግቢ ገና ባለመገንባቱም የመጀመሪያዎቹ የኮሌጅ ተማሪዎች ትምህርታቸውን የጀመሩት በዚሁ በጅማ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 1946 ዓ.ም. አሜሪካን ሲጎበኙ ኮሌጁ ወደሚገኝበት ወደ ስቲልዋተር ከተማ መሄዳቸው ለሥራው የሰጡትን ክብደት ያሳያል።

የቦታው ምርጫም ምክንያት ነበረው። ጅማ የቡና፥ የማርና የእህል አገር ናት፤ የሂርማታ ገበያ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ከሩቅም ከቅርብም ነጋዴን ይስብ ነበር። ዝናሙ በቂ፥ አፈሩም ለም ነው። እርሻን በተግባር ለሚያስተምር ቤት ከዚህ የተሻለ ስፍራ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር።

አሜሪካውያኑ ይዘውት የመጡት የትምህርት ሥርዓት በአገራቸው በአንድ ጊዜ የተፈጠረ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1862 በሰባት ሳምንት ውስጥ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ሦስት ታላላቅ የእርሻ ሕጎችን ፈረሙ። ግንቦት 15 ቀን የእርሻ መሥሪያ ቤቱ ተቋቋመ። ግንቦት 20 ቀን ሆምስቴድ የተባለው የመሬት ሕግ ወጣ። ሐምሌ 2 ቀን ደግሞ ክፍለ ግዛቶች የእርሻና የሜካኒክ ኮሌጅ የሚያቋቁሙበትን ገንዘብ ከመንግሥት መሬት ሽያጭ እንዲያገኙ የሚያደርገው የሞሪል ሕግ ጸደቀ። ከዚህ በኋላ በ1887 የምርምር ጣቢያዎች፥ በ1914 የእርሻ ማስፋፊያ አገልግሎት፥ በ1917 ደግሞ የእርሻና የሙያ ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየራሳቸው ሕግ ታወጁ። የ1917ቱ ሕግ የእርሻ ተማሪ በዓመት ቢያንስ ለስድስት ወር በመምህር ተቆጣጣሪነት በማሳ ላይ ልምምድ እንዲያደርግ ያስገድድ ነበር። ይህ ልምምድ ብዙውን ጊዜ የሚካሄደው በተማሪው ወላጆች እርሻ ላይ ነው።

እንግዲህ አሜሪካ በ55 ዓመታት ደረጃ በደረጃ ያሟላችውን፥ ኮሌጁን፥ ምርምሩን፥ ማስፋፊያውንና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን፥ የ1944ቱ ስምምነት ባንድ ጊዜ ጠቅልሎ ወደ ኢትዮጵያ አመጣው። ከዝርዝሩ የጎደለው አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም የግንቦት 20 ቀኑ የመሬት ሕግ ነው።

የጎደለው ሕግ

በሆምስቴድ ሕግ መሠረት አንድ አባወራ በመሬቱ ላይ አምስት ዓመት ተቀምጦ ካረሰ 160 ኤክር፥ ማለት 65 ሔክታር ገደማ ወይም በኢትዮጵያ አለካክ ከአንድ ጋሻ ተኩል በላይ የሚሆን መሬት በስሙ ይጻፍለት ነበር። በኦክላሆማም መሬቱ ለሰፋሪዎች የተከፈተው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 22 ቀን 1889 ሲሆን፥ ኮሌጁ የተቋቋመው በታኅሣሥ 25 ቀን 1890 ነው። ገበሬው በመጀመሪያ ማሳ ያዘ፤ ትምህርት ቤቱ ተከተለው።

ይህ ሲባል የአሜሪካው ታሪክ ነውር የሌለበት ነበር ለማለት አይደለም። ለሰፋሪዎች የታደለው መሬት ከቀድሞ ነዋሪዎቹ ከሕንዶቹ ሕዝቦች የተወሰደ ነበር። በደቡብ ክፍለ ግዛቶች ጥቁሩ ገበሬ ከባርነት ነፃ ከወጣ በኋላም በአብዛኛው የሰው መሬት በእኩል እያረሰ ኖሯል። በኦክላሆማ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1930 ከገበሬዎቹ መካከል ከእኩሌታ የሚበልጡት ተከራይ አራሾች ነበሩ፤ በዚያው አሥርት ዓመት ድርቅና አቧራ ሲመጣባቸውም ብዙዎቹ ቀያቸውን ለቀው ተሰደዱ። መሬት የሌለው ገበሬ ዕውቀት ብቻውን እንደማያቆመው ከኦክላሆማ የበለጠ ምስክር ማግኘት አያስፈልግም።

በኢትዮጵያ የነበረው ሁኔታ ከዚህ የጠና ነበር። በደቡብና በምዕራብ ጠቅላይ ግዛቶች፥ በከፋም ጭምር፥ ከአራሹ ሕዝብ ብዙው ጭሰኛ ነበር። እንደየአካባቢው ልማድ እርቦ፥ ሲሶ፥ ባለርስቱ በሬና ዘር የሰጠው እንደሆነም እኩሌታውን ይከፍላል። በባለርስቱ ላይ የተጣለው አሥራትም በብዙ ስፍራ ወደ ጭሰኛው ትከሻ ይዞር ነበር። በማንኛውም ጊዜ ከመሬቱ ቢነቀል የሚከራከርበት በቂ ሕግ አልነበረውም።

ይህ ሥርዓት በእርሻ ትምህርት ላይ የነበረውን ውጤት ለመረዳት ስለ ቡና የሚሰጥን አንድ ትምህርት ማሰብ ይበቃል። የቡና ችግኝ ከተተከለ በኋላ ፍሬ እስኪሰጥ ድረስ ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል። መምህሩ ስለ ጥላ ዛፍ፥ ስለ ችግኝ ርቀት፥ ስለ ግርዛትና ስለ ለቀማ አሳምሮ ሊያስተምር ይችላል። ነገር ግን በሚቀጥለው መከር በመሬቱ ላይ መኖሩን የማያውቅ ጭሰኛ ለአራት ዓመት የሚጠበቅ ችግኝ በምን ልብ ይተክላል? ባለርስቱም ቢሆን ጭሰኛው ቋሚ ተክል ከተከለ መብት ያነሣብኛል ብሎ ይሠጋል። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያም እንዲሁ ነው። ወጪውንና ድካሙን አራሹ ይሸከማል፤ ምርቱ ሲጨምር ግን የባለርስቱም ድርሻ አብሮ ይጨምራል። ትምህርቱ ትክክል ሆኖ ሳለ የተማረው ሰው ሊሠራበት የማይችል ሆነ ማለት ነው።

በዚህ ምክንያት የጅማና የአምቦ ምሩቃን በአብዛኛው የሄዱበት መንገድ የሚያስደንቅ አይደለም። ከፊሉ ወደ ዓለማያ ኮሌጅ አለፈ። ከፊሉ የእርሻ ማስፋፊያ ሠራተኛ ሆኖ ተመደበ፤ የማስፋፊያው አገልግሎት በ1955 ዓ.ም. መጨረሻ ከኮሌጁ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ሲዛወርም አብሮ ተዛወረ። ሌላው በትምህርት ቤትና በልዩ ልዩ መሥሪያ ቤት ሥራ ያዘ። እነዚህ ሰዎች ለአገራቸው ያበረከቱት አገልግሎት ከፍ ያለ ነው፤ ዘመናዊው የእርሻ አገልግሎት የተገነባው በእነርሱ ትከሻ ላይ ነው። ነገር ግን ማሳ ሳይኖራቸው ስለ ማሳ የሚመክሩ ሆኑ፤ ምክራቸውን የሚቀበለውም ገበሬ እንደ እነርሱ መሬት አልነበረውም።

ዕውቀት ያለ መሬት ሕግ ሲመጣ ሊያስከትል የሚችለው ጉዳት በአርሲ በግልጥ ታየ። በ1960 ዓ.ም. መጀመሪያ በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ምርጥ ዘር፥ ማዳበሪያና ብድር ለአነስተኛው ገበሬ አቀረበ። ምርቱም አደገ። ምርቱ ሲያድግና የመሬቱ ዋጋ ሲወደድ ግን ባለርስቶች ትራክተር እየገዙ ጭሰኞቻቸውን ማስለቀቅ ጀመሩ። ሊረዳ የታሰበው ሰው በእርዳታው ምክንያት ተፈናቀለ። ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. መሬት ለአራሹ ብለው አደባባይ በወጡ ጊዜ ያነሡት ጥያቄ ከትምህርት ጥያቄ የተለየ ያልነበረው ስለዚህ ነው። የባለርስቱንና የጭሰኛውን ግንኙነት ለመወሰን የተዘጋጀው ረቂቅ ሕግም ለፓርላማ ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀረ።

የወላጅ ጥርጣሬ

ከትምህርት ቤቱ በር ወዲያ ያለውን ነገር ከሁሉ ይልቅ በጥንቃቄ ይመለከት የነበረው ወላጅ ነው። «የተማረ ይግደለኝ» የሚለው ሕዝብ ልጁን ትምህርት ቤት የሚልከው ከጭሰኝነት እንዲያወጣው ነበር። ስለዚህም እርሻ የሚያስተምር ትምህርት ቤት በወላጅ ዓይን ጥርጣሬ ላይ የሚጥል ነገር ነበረው። ልጁን ሸሽቶት ወደ መጣው ሞፈርና ቀንበር የሚመልስ ይመስላልና።

ይህ ጥርጣሬ በ1960ዎቹ አጋማሽ ወደ አገር አቀፍ ጉዳይ ተለወጠ። ሴክተር ሪቪው በመባል የታወቀውና በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የትምህርት ጥናት፥ አብዛኛው የገጠር ልጅ ለአራት ዓመት ብቻ የሚሰጥ፥ ለአካባቢው ኑሮ የሚያዘጋጅ መሠረታዊ ትምህርት እንዲያገኝ የሚል አሳብ አቀረበ። ጥናቱ ብዙ እውነት ነበረበት፤ ቀለም ብቻ የሚያስተምረው ሥርዓት ሥራ አጥ ወጣት እያበዛ መሆኑን በሚገባ አይቷል። ሕዝቡ ግን የድኻው ልጅ በእርሻ እንዲቀር፥ የባለጸጋው ልጅ ብቻ ወደ ላይ እንዲወጣ የተወጠነ ተንኮል አድርጎ ተረጎመው። መምህራንም የራሳቸውን የደመወዝና የሙያ ጥያቄ ጨምረው በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ። ዕቅዱ ተሻረ፤ ያ የሥራ ማቆም አድማም የዘውዱን አገዛዝ ካናወጡት ነገሮች አንዱ ሆነ።

ወላጆቹን ኋላ ቀር ናቸው ብሎ ማለፍ ፍርድ ማጓደል ይሆናል። የገጠሩን ኑሮ ከአጥኚዎቹ ይልቅ እነርሱ ያውቁት ነበር። ለልጃቸው ማሳ የሚሰጥ ሕግ ሳይኖር የማሳን ትምህርት መስጠት ምን እንደሚያስከትል በኑሯቸው አይተውታል።

መሬቱ ሲመጣ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። ጭሰኝነት ቀረ፤ ለአንድ ቤተ ሰብ እስከ 10 ሔክታር፥ ማለት እስከ ሩብ ጋሻ የሚደርስ መሬት እንዲሰጥ ተፈቀደ። ከ1862ቱ የአሜሪካ ሕግ ጋር አንድ ባይሆንም፥ ከ1944ቱ ስምምነት የጎደለው ነገር ከ23 ዓመት በኋላ ተሟላ ሊባል ይቻል ነበር።

ሆኖም ሁለቱ፥ መሬቱና ትምህርት ቤቱ፥ በዚያን ጊዜም አልተገናኙም። የኦክላሆማው ውል በ1960 ዓ.ም. አብቅቷል። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር በመዝመታቸው፥ የከፍተኛ ትምህርትና የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻዎቹ ክፍሎች ተዘግተው ነበር። መሬት በሚታደልበት ወቅት የእርሻ ክፍሉ ባዶ ሆነ። ከዚያ በኋላ የመጡት የምርት ኅብረት ሥራ ማኅበር፥ የኮታ ሽያጭ፥ የሰፈራና የመንደር ምሥረታ ዕቅዶችም በራሱ ማሳ ላይ የተማረውን የሚሠራ ወጣት ገበሬ እንዲፈጠር አመቺ አልነበሩም።

ተቋሞቹ ግን አደጉ። የዓለማያው ኮሌጅ በ1977 ዓ.ም. የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የጅማው የእርሻ ኮሌጅም በ1992 ዓ.ም. ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋሕዶ የጅማ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ። ትምህርት ቤት ወደ ኮሌጅ፥ ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ባደገ ቁጥር ግን ያ የመጀመሪያው ስፍራ፥ ለገበሬው ልጅ የቀረበው የሁለተኛ ደረጃ የእርሻና የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት፥ ባዶውን ቀረ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ 25 ያህል የእርሻ ቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጆች ተከፍተው፥ ለየቀበሌው በሰብል፥ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት ሦስት ሦስት የልማት ሠራተኛ ለመመደብ የሚያስችል ኃይል አሠልጥነዋል። የሥራው ስፋት የሚያስደንቅ ነው። ሠልጣኙ ግን አሁንም የተዘጋጀው ገበሬን እንዲያማክር እንጂ ገበሬ እንዲሆን አልነበረም፤ በዚህ ረገድ የጅማው ታሪክ ተደገመ።

በዚህ መካከል የመሬቱም ጥያቄ መልኩን ለወጠ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 456 ዕድሜው 18 ዓመት የሞላና በእርሻ መተዳደር የሚፈልግ ዜጋ ሁሉ የመሬት መጠቀም መብት እንዳለው ደንግጎ ነበር። መብቱ ይኑር እንጂ የሚታደል መሬት አልተገኘም። በብዙ ደጋማ አካባቢዎች የአንድ ቤተ ሰብ ይዞታ ከ1 ሔክታር ያነሰ ነው፤ ለአምስት ልጆች ሲከፋፈል ለአንዱም አይተርፍም። የቀድሞው ጭሰኛ በባለርስት ምክንያት መሬት አጣ፤ የዛሬው ወጣት ደግሞ በጥበት ምክንያት ያጣል።

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት

እዚህ ላይ የእጅ ሙያው ፋንታ ይመጣል። ለሁሉም የሚበቃ ማሳ በማይገኝበት አገር፥ አናጢነት፥ ግንበኝነት፥ ብየዳ፥ የውኃ ፓምፕና የእርሻ መሣሪያ ጥገና፥ የወተትና የቡና ማዘጋጀት ሥራ ለገጠሩ ወጣት ሁለተኛ ማሳ ሊሆኑት ይችላሉ። የጅማው ትምህርት ቤት በስሙ ውስጥ እርሻንና ቴክኒክን አጣምሮ መያዙ ከዘመኑ የቀደመ አሳብ ነበር። ይሁን እንጂ ለእጅ ሙያተኛውም ከበሩ ወዲያ የሚጠብቀው ነገር መኖር አለበት። መሣሪያ የሚገዛበት ብድር፥ የሚሠራበት ቦታ፥ የሚሸጥበት ገበያ፥ ከሁሉም በላይ ሳያፍር ሙያውን የሚናገርበት ክብር ያስፈልገዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በአዋጅ ሊያስከብሩት የሞከሩት ይህንኑ ነበር።

ትምህርት ቤት ሲመሠረት ስለ መምህራን ብዛት፥ ስለ ሠርቶ ማሳያ ማሳው ስፋት፥ ስለ መሥሪያ ክፍሎቹ ዕቃ መመካከር የታወቀ ልማድ ነው። የጅማ ታሪክ በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ያክላል፤ እርሱም ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ነው። ይህ ልጅ የተመረቀ ዕለት ወዴት ይሄዳል? በ1945 ዓ.ም. በጅማ በር ላይ ይህን ጥያቄ የጠየቀ ቢኖር ኖሮ፥ መልሱ ከእርሻ መምህሩ ሳይሆን ከመሬት ሕጉ እንደሚመጣ ያን ጊዜውኑ በታወቀ ነበር።